የኢዶሳ ደም

ጥር 3 ቀን 1976፣ ነቀምቴ
ላምባ ከጠፋ ሳምንት ሆነው። በላምባ የሚሠራው የላቦራቶሪው ፍሪጅ ሞቋል። የደም መመርመሪያ ሴረሞቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ከሰዓት ቀበሌ ስብሰባ... እንቅልፌን እዚያው ጨረስኩት።

ጥር 9
ጓደኛዬ ኢዶሳ፣ የባዮሎጂ አስተማሪው፣ ለልጁ ለድንቅነሽ ደም ሊሰጥ መጣ። ወባ ደሟን ጨርሶባታል። የእሷን ኅዳር ላይ መርምሬዋለሁ፣ ኤቢ ናት። የእሱን ጠብታ ከኤም ከቢም ሴረም ጋር ቀላቀልኩ። በአንዱም አልጓጎለም። ኦ ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። "ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ኦ የሆነ አባት ኤቢ ልጅ ይወልዳል?"

ለተማሪዎቹ የሚያስተምረውን እኔን መጠየቁ! ምን ልበለው? "አይወልድም" አልኩት። ደሙን ግን ሰጠ።

ጥር 13
ልጅቷ ድና ከሆስፒታል ወጣች። አባቷ ሊወስዳት አልመጣም።

የካቲት 2
ኢዶሳ ወደ ጊዳ አያና ተዛወረ። ራሱ ጠይቆ ነው አሉ። ሚስቱ ድርቤ ልጇን ይዛ ኑኑ ቁምባ ያለችው እናቷ ዘንድ ገባች። እኔ ምን አደረግኩ? የተጠየቅኩትን መለስኩ እንጂ...

መጋቢት 14
ከአዲስ አበባ አዲስ ሴረም መጣ። አሮጌውን ልጥለው ስል፣ እስቲ ብዬ ጣቴን ወጋሁ። የኔ ደም ኤ ነው፣ ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በአዲሱ ወዲያው ጓጎለ። በአሮጌው... ምንም። አምስት ጊዜ ደገምኩት። ምንም! ያ ሙቀት አበላሽቶታል።

የሰው ደም ከመመርመርህ በፊት ሴረሙን በምታውቀው ደም ፈትን። መጀመሪያ የተማርነው ይህንን ነበር። ጣቴን ለመውጋት ሰንፌ የሰው ትዳር አፈረስኩ።

መጋቢት 17፣ ጊዳ አያና
ሴረሙን በቴርሞስ ይዤ በአውቶቡስ መጣሁ። ኢዶሳ እጄን አልሰጥም አለ። ለመንኩት። የመመርመሪያው መስታወት ላይ ሲጓጎል ሁለታችንም አየን። ኤ ነው፤ ኤቢ ልጅ ይወልዳል።

"ምን ብያት ነው የወጣሁት!" አለና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

መጋቢት 24፣ ኑኑ ቁምባ
አብረን ሄድን። ድርቤ ከደጅ አላስገባችንም። እሱን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ የተናገረችው ለእኔ ነው።

"ኦቦ ዋጋሪ፣ ጠርሙስ ሲመሰክርልኝ ነው የመጣችሁት?"

አልመለስም አለች። ምን ይመለሳል...

እውነቷን ነው። ኢዶሳ በተመረመረ ማግስት ላቦራቶሪ መጥታ ነበር። "ከእሱ ሌላ ወንድ አላውቅም፣ እባክህ ደግመህ እየው" ብላኝ ነበር። "ወረቀቱ አይዋሽም" ብዬ ሸኘኋት።

ደብተሬን ገልብጬ አየሁት። ጥር 10 ላይ አንዲት ቃል የለም። ሊጻፍ የሚገባው ነገር አልመሰለኝም ነበር።