የሹፌሩ ክዳን

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህም የምትመልስልኝ ግማሹን ነው፣ አመልህን አውቀዋለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ክረምት የጣለው አጥር ተጠግኗል። የቀለም ጣሳዎችህ ደርቀዋል፤ ብሩሾችህን ግን በነጭ ጋዝ አጥቤ አስቀምጫለሁ። ያቺ በእጅህ የሠራሃት ትንሽ የጦር ታንክህም ብፌው ላይ እንዳለች ናት። ዛሬ የምጽፍልህ በሷ ምክንያት ነው።

ሠራዊቱ ተበትኖ ከሰሜን ከተመለስክ በኋላ፣ እዚሁ ከተማችን ፈላና በር አካባቢ የሱቅ ስም መጻፍ በጀመርክበት ዓመት፣ የሻይ ማጥለያዬ ጠፋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ጎረቤቴን አዴ ፋጡማን ጠረጠርኩ። ለካስ እሷ ከሶፊ ገጠር ጫት ስታመጣ ቀይ አፈር በፌስታል ቋጥራ ታመጣልሃለች፣ አንተም ጓሮ ተቀምጠህ ለታንክህ አቧራ እንዲሆን በኔ ማጥለያ ትነፋዋለህ። ከሳርዲን ጣሳና ከእንጨት የሠራሃት ታንክ አረንጓዴ ተቀብታ ታበራ ነበር። አንተ ግን ከጦር ሜዳ የመጣች ካልመሰለች አላስችል አለህ። ስፖንጅ ቀደህ፣ ጫፉን ቡናማ ቀለም አስነክተህ፣ ጠርዝ ጠርዟን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለህ። ጥቁር ቀለም በጋዝ አቅጥነህ በየስንጥቋ ታፈሳለህ። ከአሮጌ ቁልፍ ዝገት ፍቀህ ትነሰንስባታለህ። እውነቴን ነው፣ ያኔ ጤናህንም ጠርጥሬ ነበር።

ከዚያ ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ በሳሙና ፈትጌ አጠብኳት። የስንት ወር ሥራህ በባልዲ ተደፋ። ሦስት ቀን አላናገርከኝም። በአራተኛው ቀን አጠገብህ አስቀመጥከኝና እንደገና ስትቀባት አስተማርከኝ። እድፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም አልከኝ፤ ጭስ ከጭስ ማውጫው ኋላ ነው፣ ጭቃ ከሰንሰለቱ በላይ ነው፣ ቀለም የሚለቀው ደግሞ እግር በሚረግጥበትና እጅ በሚይዝበት ቦታ ብቻ ነው። ባታስተምረኝ ይሻል ነበር።

ምክንያቱም ማየት ጀመርኩ። የላይኛው መውጫ ዙሪያው ተፋፍቆ ቆርቆሮው ወጥቷል። ከፊት ያለው፣ ሹፌሩ የሚወጣበት ክዳን ግን አዲስ አረንጓዴ ነው፤ እግር አልረገጠውም፣ እጅ አልነካውም። አንተ በጦርነቱ የነበራችሁበት ታንክ በተመታ ቀን አራታችሁም እንደወጣችሁ፣ ሹፌራችሁ ታደሰም እንደተረፈ ትምልልኝ ነበር። ታዲያ ታደሰ በየት ወጣ? እሳት ውስጥ ትታችሁት እንደሮጣችሁ ለራሴ ደመደምኩ። አንድም ቀን አልጠየቅኩህም። ግን ስንት ዓመት አብሬህ ተኝቼ፣ ጀርባህን እያየሁ፣ ይሄ ሰው ሰው ጥሎ ነው የመጣው እል ነበር። ቀብርህ ላይ እያለቀስኩም አስቤዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ከአዳማ መጣ። ታደሰ ነኝ አለ፤ መርዶህን ዘግይቶ ሰምቶ ነው። እኔ በልቤ ከቀበርኩት ቆይቻለሁና አጭበርባሪ ነው አልኩ። አዴ ፋጡማን ጠርቼ በሩ ላይ አስቀመጥኳት፤ እሷም ከላይ እስከ ታች አይታው፣ ወላሂ ዓይኑ ደስ አላለኝም ብላ አንሾካሾከችልኝ። ውሃ እንኳ ሳልሰጠው ታንክህን አንስቼ እጁ ላይ አኖርኩለት። ምንም አልነገርኩትም። ውሸታም ከሆነ ታምራለች ብሎ ይመልስልኛል ብዬ ነው።

ብዙ አገላበጣት። ከዚያ አውራ ጣቱን የሹፌሩ ክዳን ላይ አሳረፈ።

«ይቺን ሳይፍቅ የተዋት በትክክል ነው» አለ። «ተጣብቃ አልከፈት አለችኝ። ግርማ አንዴ ወጥቶ ነበር። ተመልሶ ገብቶ በቀበቶዬ ጎትቶ በላይ በኩል አወጣኝ።»

የላይኛውን መውጫ ከፍቶ የውስጡን ጠርዝ አሳየኝ። በመርፌ የተፋቀ አንድ ረጅም ጭረት አለ፤ እኔ እጅህ ስቶ የሠራኸው ይመስለኝ ነበር። የቀበቶው ዘለበት የጫረው ነው አለኝ። አዴ ፋጡማ ተነስታ ውሃ አመጣችለት።

ይቅር በለኝ ግርማዬ። የክንድህን የቃጠሎ ጠባሳ ቡታጋዝ ነው ስትለኝ አምኜህ ነበር። ማመን በሌለብኝ አምኜ፣ መጠርጠር በሌለብኝ ጠርጥሬ ኖርኩ። ግን አሁንም አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። ያንን ጠርዝ ስትፍቅ ቀና እያልክ ታየኝ ነበር። የማስበውን ታውቅ ነበር፤ እስክጠይቅህ ትጠብቅ ነበር አይደል? እኔም እስክትነግረኝ እጠብቅ ነበር።

ታደሰ ሲሄድ ታንክህን ተሰናብቷት ነው የሄደው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ሳሙና አይነካትም። ቅዳሜ ቅዳሜ በለስላሳው ብሩሽህ የቤቱን አቧራ አራግፍላታለሁ፤ ያንተን አቧራ አልነካም።

ያንተው ተጠራጣሪ፣
አልማዝ