አረንጓዴው ጥላ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን

ጋሼ፣

ነገሩ የተበላሸው ዳይሬክተሯ መነጽሯን አውልቃ፣ «ታዲያ ማን ሠራው?» ብላ የጠየቀችኝ ጊዜ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በስብሰባው ላይ የሚመረመረው ሥዕሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ተመርማሪዋ እኔ ሆንኩ።

ግማሹን ከእኔ በላይ ብታውቀውም ከመጀመሪያው ልንገርህ። ባለፈው ወር ለሙዚየማችን የአንድ ሥዕል ፎቶ ተላከ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁበት የዚያ የጥንት ሠዓሊ ጠፍቶ የኖረ ሥራ ነው ተባለ። ሠዓሊው በሕይወት ሳለ ባሕር ማዶ የተወሰደ፣ እስከ ዛሬ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ያልወጣ፣ አንገቷን ዘንበል ያደረገች ሴት የሚያሳይ ሥዕል። ሙዚየሙ ሊገዛው ተነሣ። የሂሳብ ሹማችን እንኳ፣ ሥዕልን ከግድግዳ ቀለም የማይለየው ሰውዬ፣ እየተመላለሰ ያየው ነበር።

እኔም እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ቢሆንም ኮምፒውተር የፈጠረው ሥዕል የሚጋለጥባቸውን ቦታዎች ሁሉ ፈተሽኩ። ጣቶቿ ልክ ናቸው። የቀሚሷ ጥልፍ ጀምሮ መሐል መንገድ ላይ አይጠፋም። የቀለሙ ስንጥቃት እንኳ ፊቷ ላይ እንደ መረብ እኩል አልተዘረጋም፤ የተሣለበትን እንጨት አቅጣጫ ተከትሏል። አንተ ስትሠራ ድሮም ጠንቃቃ ነህ። ከዚያ አገጯ ሥር ያለውን ጥላ አየሁ። አረንጓዴ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ደውዬ፣ የሰውዬውን ምሥጢር አገኘሁት፣ የአገጭን ጥላ በአረንጓዴ ነው የሚሠራው፣ እስካሁን ማንም አልጻፈውም ብዬ ጆሮህን ያደነቆርኩበት ቀን ትዝ ይልሃል? ያልነገርኩህ በኋላ የደረስኩበትን ነው። አረንጓዴው የእሱ አይደለም። እኛ ዘንድ የተረፉት ሥዕሎቹ በሙሉ፣ እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጎዱ ሥዕሎችን በሚያድስ በአንድ ጠጋኝ እጅ አልፈዋል። የተጎዳውን ጥላ በአረንጓዴ የደፈነው ጠጋኙ ነው፤ ታትመው በወጡት ፎቶዎች ላይ ጥቁር ስለሚመስል ሥዕሎቹን በቅርብ ያላየ ሰው አያውቀውም። በማይክሮስኮፕ ከሥሩ ያለውን ቡናማ ቀለም አይቼዋለሁ። እንግዲህ ባሕር ማዶ የኖረ፣ ጠጋኙ በዓይኑ ያላየው ሥዕል አረንጓዴ ጥላ ከየት ያመጣል?

ይህንኑ ለኮሚቴው አስረዳሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ተሳስቼ እንደነበር፣ ግን ስሕተቱን አለማሳተሜን በገዛ አፌ ተናገርኩ። ዳይሬክተሯ ሞኝ አይደለችም። ያንን ስሕተት የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው፣ ስሕተቱ ደግሞ የትም ካልተጻፈ ከአንቺ በቀር ማን ያውቀዋል አለች። ጥያቄዋ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ስምህ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ዝምታዬ እንደ ማመን ተቆጠረብኝ። የክፍሌን ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ። በወሩ መጨረሻ ኮሚቴው እንደገና ይሰበሰባል። ያኔም ዝም ካልኩ፣ ለዝና ብላ ራሷ ሠርታ ራሷ ያጋለጠች ተብዬ እባረራለሁ። በዚህ ሙያ ከዚያ ወዲያ በር የሚከፍትልኝ የለም።

የዚያን ዕለት ስደውልልህ ትክዳለህ ብዬ ነበር። ብትክድ ይሻለኝ ነበር። አንተ ግን ሳቅህ። «ያዝሽው እንዴ? በምኑ?» አልከኝ፣ ልጆች ሳለን ድብብቆሽ ስንጫወት እንደምትለው። ሠዓሊው እንደሆነ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፣ ተነሥቶ ይከሰኛል እንዴ ብለህም ቀለድክ። ቁልፌን መቀማቴን ስነግርህ ነው ቀልዱን የተውከው።

«እኔ እዚህ ሰው አገር የመኖሪያ ፈቃዴ ይበላሻል» አልከኝ። «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ተምረሻል፣ ሌላ ሥራ አታጪም።»

ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም፤ የእማዬን ግን ታነሣለህ። ልብስ እያጣጠፈች ቀና ሳትል፣ «እህቱ አይደለሽ? ቻይው» አለችኝ። እሱስ ወንድሜ አይደለም ወይ ስላት ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

እርሳስ መያዝ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እጅህ ከእኔ እጅ ይበልጣል፤ ይህንን ከማንም ፊት አልክድም። ያቺን ሴት በኮምፒውተር ከምትፈጥራት በገዛ እጅህ ሥለህ፣ ከሥሯ የራስህን ስም ጽፈህ ብትልክልኝ ኖሮ ግድግዳዬ ላይ እሰቅላት ነበር። የፎቶውን አንድ ቅጂ ይዤ ወጥቻለሁ። ለማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ነው።

ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ። የጻፍኩልህ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ነው። ቀድመህ ለዳይሬክተሯ ራስህ ብትጽፍላት ደስ ይለኛል፤ ለአንተም ይሻልሃል። ባትጽፍም እናገራለሁ።

ብርዱ በርትቷል አሉ፤ ደረትህን ሸፍነህ ውጣ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ ከክፉ ሰውም ከክፉ ሐሳብም ይሰውርህ። ይህንን የምለው ከልቤ ነው። ግን መማሬም ሆነ ታናሽነቴ የአንተን ጥፋት የምሸከምበት ምክንያት ሲደረግ ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ከአንተም፣ ከእማዬም፣ ከማንም።

እህትህ