የጥር ሃያ ሦስቱ ባዶ ኮርቻ

ቆሰበር፣ የካቲት 11 ቀን

ውድ ጋሽ ትዕዛዙ፣

እንደምን ከረሙ? ወገብዎ እንዴት ነው? የጃዊ ሙቀት ለአጥንት ደግ ነው ይላሉ፤ እኛን የቆሰበር ብርድ እንደ ልማዱ እያንዘፈዘፈን ነው። ይህን የምጽፍልዎ ክንዴ ነኝ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ሞባይል የምጠግነው፣ እርስዎ «ያ የዳንግላው ለፍላፊ» የሚሉኝ። ስልክዎን ከዘጉ ሃያ ቀን ሊሞላዎት ስለሆነ ነው ወረቀት የያዝሁት። ከትምህርት ቤት ወዲህ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ የእጅ ጽሕፈቴን አይዩብኝ።

ትናንት የጃዊ መስመር ሹፌሩ አበረ ሚኒባሱን አቁሞ መልእክትዎን ለልጅዎ ለፋና ሲያደርስ እኔም ቆሜ ነበር። «ዳማው ፈረስ ለቅዳሜ ገበያ ይውጣ፤ ፋናም ሁለተኛ ኮርቻ እንዳትነካ» ብለዋል አሉ። ፋና ልጓሙን ከግድግዳው አውርዳ በጨርቅ ትወለውል ጀመር። ጋሼ፣ ያን አይቼ ቤቴ ገብቼ መተኛት አቃተኝ። እባክዎ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ይስሙኝ። ዳማው የሚሸጠው በእኔ ጥፋት ነው።

ከፈረስ ወድቀው ወገብዎ ሳይሰበር በፊት ሱቄ እየመጡ በስልክ ኳስ ሲያዩ ትዝ ይልዎታል? ከጎረቤት ዲሽ ካለው ቤት «ጎል!» ተብሎ ሲጮኽ እኛ ዘንድ ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነበር። «ክንዴ፣ ያንተ ኳስ በእግሩ ነው እንዴ ከእንግሊዝ የሚመጣው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ያፈርሱት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ኮስተር ብለው፣ «ቆይ፣ ለምንድን ነው ጨዋታው ሲሞቅ ምስሉ የሚደፈርሰው? ሲቆሙ እኮ ጥርት ብሎ ይታያል» አሉኝ። እኔም «ኔትወርክ ነው ጋሼ» ብዬ አለፍሁዎት። እኛ የሞባይል ሰዎች መልሱ ሲጠፋብን የምንላት ነገር ናት።

አሁን ጠይቄም አንብቤም ደረስሁበት፤ ቢዘገይም መልሱን ልስጥዎት። ስልክ ምስሉን ሁሉ በየጊዜው አይልክም፤ ከቅድሙ የተለወጠውን ለቅሞ ነው የሚልክ። ሰው ቆሞ ሲያወራ የሚለወጠው ከንፈሩ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ሰማንያ ፈረስ አቧራ እያስነሣ ሲጋልብ ግን ሣሩም፣ ሰውም፣ ሰማዩም ባንዴ ይለወጣል። ያን ሁሉ መሸከም ሲያቅተው ምስሉን በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን እየቆራረሰ ይጥለዋል። በዚያ ላይ ሕዝቡ አለ። ጥር ሃያ ሦስት የፈረስ በዓሉ ቀን አገሩ ሁሉ እዚህ እንጅባራ ይገባል፤ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፣ ሁሉም ከዚያው ከአንድ ታወር ይቀዳል። አንድ ምንጭ ላይ አገር ሙሉ ማድጋ ይዞ ቢወርድ ለማን ይደርሳል? ቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ በጀሪካን እንደተቀመጠ ውኃ ነው፤ ምንጩ ቢደርቅም ለጊዜው ይጠጡታል። ቀጥታ ስርጭት ግን ከምንጩ ወደ አፍ ነው፤ እዚያ ሲቋረጥ እዚህ ወዲያው ይጠማል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ይህችን ይያዙልኝ። ድምፅ ከምስል ይልቅ ቀላል ሸክም ነው። መንገዱ ሲጠብ ምስሉ ተሰንቅሮ ይቀራል፣ ድምፁ ግን ሾልኮ ያልፋል።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። «እኔ መምጣት አልችልም፤ ልጄ ስትጋልብ በዓይኔ አሳየኝ» ብለው አደራ የሰጡት ለእኔ ነው። ስልኬን በእንጨት ላይ አስሬ ቆምሁ። ለእርስዎ ብቻ ላሳይ ብዬ የጀመርሁት ነገር አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው ገባበት። ልቤ አበጠ፣ ምን ልደብቅዎ! ስልኩ ራሱ መስመሩ መድከሙን እየነገረ ጥራቱን ቀንስ ይለኝ ነበር። ብቀንሰው ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን አይቆምም ነበር። እኔ «ይህን ሁሉ ሰው ደብዛዛ ነገር ላሳየው?» ብዬ እምቢ አልሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ? የኮራም ያው ነው።

ጉግሱ ተጀመረና ፋና ወጣች። ዳማው እንዴት ያምር ነበር መሰለዎት! ከኋላዋ አንድ ከአዘና የመጣ ፈረሰኛ ዘንጉን አንሥቶ እየገሰገሰ ደረሰባት፤ ወረወረ። በዚያች ቅጽበት ፋና ከኮርቻው ጠፋች። ዳማው ባዶውን ይጋልባል! እኔ አስፋልት ዳር ኳስ ስራገጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፈረስ የማውቀው ከጋሪ ጋር ነው። «ወይኔ! ፋና ወደቀች! ወደቀች!» ብዬ ጮኽሁ። ምስሉ እዚያው ላይ ቆመ። ድምፄ ግን ጃዊ ደረሰ።

እዚያ ምን እንደሆነ የምታስታምምዎ ምራትዎ ሸጋ ናት የነገረችኝ። ያን ባዶ ኮርቻ አፍጥጠው ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ ምስሉ አልላወስ አለ። ሸጋ ብትደውል መስመሩ ተጨናንቋል፤ አንዳችንም ጋ አይገባም። «ዱላቸውን እንኳ ሳያነሡ ግድግዳ ይዘው ወጡ፤ መኪና መንገዱ ጋ ስደርስባቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ስሟን ይጠራሉ» አለችኝ። ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ዱላ ያልቆሙ ሰው!  እንኳን መውደቅን በአጥንትዎ ለሚያውቁት ለእርስዎ፣ ለማንም አባት አይድረስ።

በማግስቱ ፋና ራሷ ደውላ «አልወደቅሁም አባ» አለችዎ። እርስዎም «ባዶ ኮርቻ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወደቀች ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዳልደነግጥ ብለሽ ትዋሺኛለሽ» ብለው ዘጉት። አልፈርድብዎትም። ዓይንም ጆሮም ከመሰከሩ ማን ይጠራጠራል? ፋና ወደ እኔ ዞራ «ማን ነው ወደቀች ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት። «እኔ ምን አውቄ፣ ከሕዝቡ አንዱ ይሆናል። ኔትወርኩ ነው ያበላሸን» አልኋት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሃያ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ገበያ ለገበያ «ኔትወርክ፣ ኔትወርክ» እያልሁ ዞርሁ። ምስሉን ያቆመው ኔትወርክ ነው፣ እውነት ነው። የቆመውን ምስል ሞት ያደረገው ግን የእኔ አፍ ነው። ትናንት ልጓሙን ስትወለውል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ተናዘዝሁላት። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

«አንተ ነህ?» አለች። ጨርቁን አስቀምጣ፣ «ታዲያ ለእኔ ምን ታወራልኛለህ? ለአባቴ ንገረው» አለችኝ። አንቺን ያላመኑ እኔን ያምናሉ ወይ ብላት፣ «የእኔን አላመነም። ጥፋቱን አምኖ የሚመጣን ሰው ግን አባቴ ገፍቶ አያውቅም» አለች። ይኸው መጣሁ።

ከዚህ ወረቀት ጀርባ በፕላስተር የለጠፍሁት ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ሸጋ ስልኳ ውስጥ ታስገባልዎት። ስልኬ እያሰራጨ ለራሱም ይቀርጽ ነበር። የተላከው በመንገድ ተቆራረጠ እንጂ ስልኬ ላይ የቀረው እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። የእኔን ጩኸት ቆርጬ ላወጣው እችል ነበር። አልቆረጥሁም። ይስሙትና እንደልብዎ ይርገሙኝ።

ዘንጉ ሲወረወር ቀኝ እጇን ይዩልኝ፤ ጋማውን ጨብጧል። እኔ ከቆምሁበት ወዲያ ባለው ጎን ተንሸራታ፣ አንድ እግሯን በእርካቡ ይዛ፣ በዳማው ጎን ልጥፍ ብላለች። ዘንጉ በባዶው ኮርቻ ላይ አልፎ ሄደ። ሽማግሌዎቹ አጥር ሥር ተነሥተው «የትዕዛዙ ናት! የትዕዛዙ!» ሲሉ ይሰማል፤ ይህን አወራረድ ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው አሉኝ። እኔ መውደቅ ያልሁት እርስዎ ያስተማሯትን ነው ጋሼ።

ኮርቻው ባዶ የሆነው አራት ሰከንድ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ለእርስዎ እስከ ዛሬ አላለቀም። ከዚያ ተመልሳ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ በፊቴ ስታልፍ ወደ ስልኩ ዞረችና ጮኸች። በዚያ ጫጫታ እኔም አልሰማኋትም ነበር፤ ትናንት ከተቀረጸው ነው የሰማሁት። «አባ! አየኸኝ? እንዳስተማርኸኝ!» ነው የምትለው። ያኔ መስመሩ ሞቶ ነበር፤ እርስዎም ግድግዳ ይዘው እየወጡ ነበር።

ዳማው የእርስዎ ነው፣ ይሽጡ አይሽጡ አልልዎትም። ብቻ አይተው ይወስኑ። ቅዳሜ ጠዋት ፋና ልጓሙን አስገብታ በር ላይ ትቆማለች። ወደ ገበያ ወይ ወደ ሜዳ የሚላት የእርስዎ ድምፅ ነውና ስልክዎን ይክፈቱላት።

እኔም ቃል ልግባ። ለመጪው ጥር ስልክ አልይዝም። ከአበረ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ የፊት ወንበሩን በፍራሽ ደልድለን፣ በየመንገዱ እያሳረፍን እናመጣዎታለን። አጥሩ ሥር አስቀምጥዎትና አጠገብዎ እቆማለሁ። ሜዳው ላይ የሚሆነውን እርስዎ ይነግሩኛል፣ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ያ የዳንግላው ለፍላፊ፣
ክንዴ