ለክርስትናው የመረጥኩት ሌንስ

ሰብሌ እህቴ፣

ለልጅ ልጅሽ ክርስትና የሚሆነኝን ሌንስ ዛሬ እዚህ አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ሰፈር ገዛሁ። ባለፈው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሴቶች ወገን ቆሜ የቄሱን ጀርባ ብቻ ባነሳ ስለሳቅሽብኝ፣ ሌንስ እየቀያየሩ ለሚያነሱባት አዲሷ ሚረርለስ ካሜራዬ ሩቁን የሚያቀርብ አሮጌ ዙም ስፈልግ ነበር። ባለሱቁ ባምላኩ መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሌንስ ሰጠኝ። እኛ ደብረ ማርቆስ በሻጩ መሐላ እንገዛለን፤ እዚህ ግን በሩ ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት።

«ይሄ ውስጡ ሻግቷል» አልኩት።

«አቧራ ነው እንጂ፣ እማማ!»

«አቧራ ቅርንጫፍ አያወጣም፣ ልጄ።»

«እርስዎንማ ለመኪና ምርመራ መቅጠር ነበር!» ብሎ እየሳቀ ከመሳቢያው ከጡጫዬ የማይበልጥ፣ ቀለሙ የተላጠ ሌንስ አወጣ። መስታወቱ ግን ጥርት ያለ ነው። በማጋጠሚያ ቀለበት ካሜራዬ ላይ ገጥሜ ወደ መድኃኔዓለም ጉልላት ባነጣጥር፣ ያረፉትን ርግቦች አንድ በአንድ ለየኋቸው።

ስለዚህ የቀጠርሽውን ፎቶ አንሺ አሰናብቺው። ከቦታዬ ሳልነቃነቅ የሕፃኗን ፊት ከነእንባዋ አነሳልሻለሁ።

የፖስታ ካርዱ ሞላ፤ መጻፊያ ቦታ የለኝም። ባለቤትሽን መኳንንትን፣ ጎረቤቶቻችንንም ሁሉ ሰላም በይልኝ። የሕፃኗን ቀሚስ አደራ፣ በደንብ ይታጠብ፤ ከእንግዲህ እድፉም ይታያል።

ወለተጻድቅ