ልጄ የመለሰችው ማሽን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ከማታ ተማሪዎች በንባብ አንደኛ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ መነጽሯን ረስታ ነበር... ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ልጄ ዛሬ ፊቷ በርቶ ገባች። ሰው ዕቃውን በኢንተርኔት ለመሸጥ ፎቶ ይልካል፤ የመሥሪያ ቤቷ ሰርቨር ፎቶውን ያሳንሳል፣ ያጠራል። እስካሁን ይህን የሚሠራው ተራው የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ሲፒዩ የሚሉት ነበር። አለቃዋን ወጥራ ይዛ ጂፒዩ የሚባል ሌላ ማሽን ለሙከራ አስመጣች። አንድ ሺህ ጥቃቅን ሥራ ባንዴ ይሠራል አለችኝ። ለፀጉር አስተካካዩ አሥር ሺህ አልኩት። ምን ቸገረኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
እራቷን አልበላችም። "ደክሞኝ ነው አባዬ።" ድካም አይመስልም... እዚያ መሥሪያ ቤት እሷም ገና በሙከራ ላይ ናት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ማሽኑ የሚሠራውን እቤት ባመጣችው ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይጽፋል። ማንበብ እንድለማመድ ብላ በአማርኛ አድርጋ፣ ፍጥነቱን ቀንሳልኛለች። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አንድ ፎቶ። እየጫንኩ ነው... ሠራሁ... እያወረድኩ ነው። ደግሞ አንድ ፎቶ። እየጫንኩ ነው... "ሠራሁ" ብልጭ ብላ ትጠፋለች። "እየጫንኩ" እና "እያወረድኩ" የሚሉትን ግን ፊደል በፊደል እያነበብኩ እንኳ እደርስባቸዋለሁ!

"ይሄማ እንደኔ ጫኝና አውራጅ ነው! መኪናው የሚሄደው መቼ ነው?"

ለቀልድ ነበር። አለቀሰች።

"አውቄዋለሁ አባዬ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ነው የሚመጡት። ለአንድ ሰው አውቶቡስ እንደማስነሳት ነው፤ ተራው ሲፒዩ ይቀድመዋል። ግን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ ብል ያባርሩኛል። አንተም ሰፈሩን ሁሉ አዳርሰሃል..."

ወንበሬን ወደሷ አስጠጋሁ።

ከዚያ "ነገ ንገሪያቸው። ሰፈሩን ለኔ ተዪው" አልኳት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ክፍል አልገባሁም። በር በሩን እያየሁ ነው... ለምን ዘገየች?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ሥራዋ ላይ ናት! ሁለቱን ጎን ለጎን አሠርታ አሳየቻቸው። አለቃዋ አይቶ "እንኳን ሳንገዛው ነገርሽን" አላት። ሲፒዩው ይቀጥላል። ፎቶ ባንዴ በገፍ መምጣት ከጀመረ ያኔ ይታሰባል ተባለ።

ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ገና እንደተቀመጥኩ "ያ አሥር ሺህ ሥራ የሚሠራው እንዴት ሆነ?" አለኝ። ወረፋ የያዙት ሁሉ ጆሯቸውን አቆሙ።

"አንድ ሺህ ነበር፤ ሌላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ልጄ አልጠቀመንም ብላ መለሰችው" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሳቁ። "ታዲያ ምኑ ነው የሚያኮራህ?"

"ተሳሳትኩ ማለቷ ነዋ! አንተ ስንት ሰው ላጭተህ፣ አበላሸሁ ብለህ ታውቃለህ?"

መቀሱ ጆሮዬ ጋ ስለነበር ግን ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።