ስለ ፈረሴ ንጽሕናና ስለ ማማሰያዬ ውርስ

ዛሬ እሑድ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቅዳሴ መልስ፣ እኔ አበረ አለኸኝ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት የሆነ፣ ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደር የምኖር፣ ግራ እግሬ ቢያብጥም አእምሮዬ ምሉዕ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ አስጽፌአለሁ። ጸሐፊው ጡረተኛው መምህር መልካሙ ነው፤ የምለውን ሁሉ እንዲጽፍ፣ ከራሱ ግን ምንም እንዳይጨምር አስጠንቅቄዋለሁ። ልጆቼ እንዳልካቸውና ፍቅርአዲስ በአልጋዬ ግርጌ ቆመዋል። የመጡት ሊጠይቁኝ ብቻ አይደለም፤ ፈረሴን ሸጠው እኔን ዳንግላ ወደ እንዳልካቸው ቤት ሊወስዱኝ ነው። ሚኒባስ ለነገ ተይዟል። ስለዚህ ጊዜ ሳይቀድመኝ እናዘዛለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዕዳዬ። ከሰው የተበደርሁት የለም፤ ዕዳዬ ለፈረሴ ለዳማ ነው። ከትናንት ወዲያ በፈረሰኞች በዓል ዳማ ጥሎኝ እግሬ እንደ ተጎዳ ለመንደሩ ሁሉ ተናግሬአለሁ። ሐሰት ነው። ዳማ በክብር ወስዶ በክብር ነው የመለሰኝ። የወደቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ የበርበሬ ቅል ከቆጥ ሳወርድ ነው። በእኛ አገር ከፈረስ የወደቀ ይጠየቃል፤ ከበርጩማ የወደቀ ይሳቅበታል፤ ስለዚህ ዋሸሁ። አሁን በምስክሮች ፊት ዳማን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። አይሸጥም፤ በዕድሜው ሙሉ ገብሱ አይጓደልበት።

ሁለተኛ፤ ወንድ ሆነህ ጓዳ ምን አገባህ የሚል ይኖራል። ጎረቤቴ ካሳው ዐይኑን ያፈጠጠብኝ ለዚሁ ነው። የባለቤቴ የዘመድ ልጅ እመቤት ከጥሊሊ እየመጣች ወጤን ትሠራልኛለች ብዬ ስድስት ዓመት ነግሬአችኋለሁ። እመቤት የምትባል ልጅ የለችም። በር ዘግቼ፣ ጋቢዬን አሸርጬ ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ። የነፍስ አባቴ መምሬ ፀጋው በማኅበር ቀን «እጇን ይባርክ» ብለው የመረቁት የእኔን እጅ ነው፤ ምርቃቱን አልመልስም። ካሳው እየሳቀ ነው፤ መልካሙ፣ ይህንንም ጻፈው። ወይዘሮ ካሳነሽ ግን አልሳቀችም። የባለቤቴ ባልንጀራ ነበረችና ለካ ስታውቅ ኖራለች።

ያስተማረችኝ ባለቤቴ ደጊቱ ናት፤ ነፍሷን ይማር። አርባ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ጨው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። በመጨረሻው ሕመሟ ከዚህ አልጋ መነሣት ሲያቅታት፣ «እኔ ስሄድ አንተን ማን ያበላሃል? ተነሥና ተማር» አለችኝ። ጓዳው ከአልጋው ጀርባ ስለሆነ በቀርከሃ ዱላ ግድግዳውን እየመታች ታዘኝ ነበር። አንድ ጊዜ ስትመታ አማስል ነው፤ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምር፤ ሦስት ጊዜ በስሏል፣ አውርደው። ያሳረርሁ እንደሆነ በአገውኛ ትሰድበኛለች። ሦስት ወር ሙሉ ሰደበችኝ። አንድ ቀን ሽሮዬን ቀምሳ ሳትሰድበኝ ደግማ ጎረሰች፤ ያን ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ትናፍቀኛለች፤ ስድቧ ጭምር ይናፍቀኛል።

ሦስተኛ፤ ስለ ማማሰያዬ። ከሁለት ዓመት በፊት ካሳው ለልጁ ለምንይችል እመቤትን ስጠን ብሎ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። ምንይችል ልጅቷን አይቷት አያውቅም፤ ወጧን ግን በማኅበር በልቷል። ጨንቆኝ «መንኩሳለች» አልኋቸው። በማግሥቱ ረስቼው ቀይ ወጥ ሠራሁ፤ ሽታው እስከ ካሳው በረት ደረሰ። ካሳው መጥቶ ቢጠይቀኝ «ለስንብት ብቅ ብላ ነው» አልሁት። ምንይችል እስከ ዛሬ አላገባም። ያችን እጅ ሲመኝ ኖሯልና ማማሰያዬን ለእርሱ አውርሼዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ይምጣ፤ አሠራሩን አሳየዋለሁ። ራሱን ማብላት ከቻለ ሚስት ሲፈልግ ወጡን ትቶ ሴቲቱን ያያል።

አራተኛ፤ ቤቴንና የድንች ማሳዬን ልጆቼ እኩል ይውረሱ። ነገር ግን ስለ ወለድኋቸው ብቻ ዐይኔን ጨፍኜ አልሰጥም። እንዳልካቸው ዳንግላ የቢሮ ኃላፊ ነው፤ አርባ ሰው ያዝዛል። ትናንት ካልሲው ጠፋበት። እዚህ ኔትወርክ ስለማይዝ ኮረብታው ላይ ወጥቶ፣ ካልሲዬ የት አለ ብሎ ዳንግላ ለሚስቱ ደወለ። ካልሲው በገዛ ቦርሳው ውስጥ ነበር። እኔን ሊጦረኝ የመጣው ይህ ሰው ነው። ፍቅርአዲስ ጫግኒ እህል ትነግዳለች፤ ኩንታሉን በዐይኗ አይታ ኪሎውን ትናገራለች። አምፖል ሲቃጠልባት ግን ወንድሟ ከዳንግላ እስኪመጣ ሦስት ቀን በሻማ ትቀመጣለች። ወንድሟም መጥቶ ሌላ ሰው ይጠራል።

ስለዚህ እያንዳንዳቸው እኔ በሕይወት ሳለሁ ሰባት ሰባት ቀን እዚህ ቤት ማንንም ሳይጠሩ ይኑሩ። እንዳልካቸው ምግቡን ይሥራ፣ ልብሱን ይጠብ። ፍቅርአዲስ አምፖሉን ትቀይር፣ ነፋስ ያነሣውን የጣራ ቆርቆሮ ትምታ። ያልፈጸመው ልጅ ድርሻ ለደብሩ ይሁን። መምሬ ፀጋው፣ ይውደቁ ብለው እንዳይጸልዩ አደራ። የእንዳልካቸው ቀን ከዛሬ ይቆጠራል። ልጄ፣ ሂድና ሽሮ ጣድ። መልካሙ፣ ሄደ ብለህ ጻፍ።

ሄዷል።

አምስተኛ፤ ስለ ራሴ። ድስት ማውረድ እስኪያቅተኝ ድረስ ማንም ከዚህ ቤት አይውሰደኝ። እግሬ በሁለት ሳምንት ይድናል ብሎኛል ወጌሻው። ልጆቼ ክፉ አይደሉም፤ ስለሚወዱኝ ነው። ነገር ግን በሰው ቤት ተቀምጬ ውኃ ሲጠማኝ ሰው ልጠራ ነው፤ ይህን ከሞት ይልቅ እፈራዋለሁ። ያቃተኝ ቀን እኔው ሰው ልኬ አስጠራችኋለሁ። እዚህ ላይ የደጊቱን ዱላ አንሥቼ ግድግዳውን አንድ ጊዜ መትቻለሁ። ማማሰል ጀምሯል፤ ይሰማኛል።

ያልሁት ሁሉ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ አበረ አለኸኝ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ቄስ ፀጋው፣ የነፍስ አባት (ፊርማ)
ካሳው፣ ጎረቤት፤ ስለ መነኩሲቷ ቅር ብሎኝ ፈርሜአለሁ (ፊርማ)
ወ/ሮ ካሳነሽ (የጣት አሻራ)
መልካሙ፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ፊርማው እንዳለቀ ተናዛዡ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መቱ። አቶ እንዳልካቸው ድስቱን አውርደው ይዘው መጡ። ከሥሩ አርሯል። ተናዛዡ አንድ ጊዜ ጎርሰው በአገውኛ ረዥም ስድብ ተሳደቡ፤ እንድጽፈው አዝዘውኝ ነበር፤ ቄስ ስላሉ ተውሁት። ከዚያ ደግመው ጎረሱ። አቶ እንዳልካቸው ወደ ጓዳ ተመለሱ፤ እዚያ ብዙ ቆዩ። ወይዘሮ ፍቅርአዲስም ኮረብታው ላይ ወጥተው፣ ሚኒባሱ ነገ እንዳይመጣ ደወሉ።