የግራው ካልሲ

ይድረስ ለባለቤቴ ታላቅ እህት፤

እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን፤ እኔን ብቻ ቅናት ይዞኛል።

ወንድምዎን ስኳር ከያዘው ጀምሮ ማታ ማታ እግሩን ለብ ባለ ውሃ የማጥበው፣ በጣቶቹ መሀል የማደርቀው፣ ውስጥ እግሩን ሳይቀር አገላብጬ የማየው እኔ ነበርኩ። ሰሞኑን ግን «አንቺ ተይው፣ ጎረቤታችን ነርሷ ታይልኛለች» ይለኛል። አንጀቴ እርር አለ! እኔ ስንከባከበው የኖርኩትን እግር እሷ ታገላብጠው?

ትናንት አላስችል ቢለኝ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። «የባሌን እግር ለማየት ያንቺ እጅ ከኔ በምን በለጠ?» አልኳት።

«የምን እግር?» አለች ግራ ገብቷት። «ልይልህ ስለው ‹ሚስቴ ታየኛለች› ብሎ መለሰኝ እኮ!»

ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ብርጭቆ እንኳ አጥቦ የማያውቀው ሰውዬ ጓሮ ተደብቆ ካልሲ ሲያጥብ ደረስኩበት። የግራውን ብቻ፤ ውሃው ቀልቷል።

እትዬ፣ በልጅነቱ እግሩን የሚያጥቡት እርስዎ እንደነበሩ ሲያወራ ሁልጊዜ እቀናብዎት ነበር። አሁን መጥተው ቢያጥቡት አልቀናም። ለእርስዎ እምቢ አይልም።

ውሃውን ለብ አድርጌ እጠብቅዎታለሁ። በደህና ያግባዎት።

የወንድምዎ ሚስት